ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ የቀሩት 48 ሰዎች

ስለ ቤተ ክርስቲያን እድገት ስንነጋገር ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው አዳራሽ፣ የድምፅ መሣሪያ፣ ኮንፈረንስና ተጋባዥ አገልጋይ ነው። ዛሬ ከእነዚህ አንዱም ያልነበራቸውን ወገኖቻችንን እናስብ።

በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ወላይታ ደርሰው ሥራ ጀመሩ። ቋንቋውን ተማሩ፣ ሕሙማንን አከሙ፣ ወንጌልን ሰበኩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረ በኋላ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ተደክሞ 48 ሰው! ዛሬ እንዲህ ያለ ሪፖርት ብናቀርብ ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ አይቀርም።

እነዚያ ሰዎች በምን ቀሩ? በገዛ ቋንቋቸው በእጃቸው የነበረው የእግዚአብሔር ቃል ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹም ማንበብ አይችሉም። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አላዩም። ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም። ሚሲዮናውያኑ ግን አንድ ትልቅ ነገር ትተውላቸው ሄደዋል ብለን እናምናለን፤ ጸሎት ቤታቸውን በራሳቸው እንጨትና ሣር፣ በራሳቸው ጉልበት እንዲሠሩ፣ ሽማግሌዎቻቸውንም ከመካከላቸው እንዲመርጡ አስለምደዋቸው ነበር። ስለዚህ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ሥራው የፈረንጆች ሆኖ አብሮ አልሄደም።

መከራው ብዙ አልቆየም፣ መጣ። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ። መሪዎች ወደ ሶዶ እስር ቤት ተወሰዱ፤ መቶ ጅራፍ የተገረፉ ነበሩ፣ ዋንዳሮ የተባለው መሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ተገርፏል። በእስርና በግርፋቱ ሕይወታቸው ያለፈም አሉ። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የታሪኩ ልብ ያለው እዚህ ይመስለናልና። አማኞቹ ስንቅ በራሳቸው ተሸክመው፣ ከሩቅ መንደር በእግር እየተጓዙ፣ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ያመጡ ነበር። ዘመድ ላልሆነ ሰው፣ ከሌላ ጎሳ ለሆነ ሰው እንዲህ ሲደረግ ያልለመደው ጎረቤት ጠየቀ፤ እነዚህን ሰዎች ምን አገኛቸው? መልሱን የሰጠው ሰባኪ ብቻ አልነበረም። እንጀራውን የጋገረችው፣ ቆጮውን የተሸከመው፣ ሌሊት በቤቱ የጸለየው መለሰ።

ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝና 100 ያህል አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ኋላም የወላይታ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ወጡ። የላኳቸውም የገዛ አጥቢያዎቻቸው ናቸው።

አንዳንዶች ከዚህ ታሪክ ተነሥተው ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል ይላሉ። እኛ እንዲህ ብለን ለመናገር አንደፍርም። አውግስጢኖስንና ቆጵርያኖስን ያፈራችው የሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያን የት አለች? ጎረቤታችን ኑቢያስ ለመቶዎች ዓመታት ክርስቲያን አልነበረችምን? መከራ የጠፋበትም አለ፣ የጠነከረበትም አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እስጢፋኖስ ከተገደለ በኋላ የተበተኑት ምእመናን እንጂ ሐዋርያት አይደሉም፤ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ቀርተዋል። ቃሉን በየሄዱበት የሰበኩት ያን ጊዜ የተበተኑት ናቸው። የአንጾኪያንም ቤተ ክርስቲያን የጀመሩትን ሰዎች፣ ከቆጵሮስና ከቀሬና መሆናቸውን እንጂ ስማቸውን ሉቃስ አልነገረንም። የወላይታዎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ዋንዳሮን እናውቃለን፣ ስንቅ ያመላለሱትን እናቶች ግን ማን ያውቃቸዋል?

እኛ መጋቢዎች በዚህ ነገር ጥፋት እንዳለብን መሸሸግ አይገባንም። ምእመኑን ተቀምጦ መስማት አስለምደነዋል። ጎረቤቱ ሲታመም ወደ እኛ ይደውላል፣ የሥራ ባልደረባው ስለ ጌታ ሲጠይቀው እሑድ ይዞት እንዲመጣ እንነግረዋለን። ሁሉም በመጋቢ በኩል ሲያልፍ ደስ የሚለን ጊዜም አለ፤ ያስፈልጉናል ብለው ያስባሉና።

በቅርቡ በአጥቢያችን በአገልጋዮች ስብሰባ ላይ የወላይታን ታሪክ ከተረክን በኋላ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ በዚህ ዓመት ከመድረክ ውጭ፣ በመንገድ ወይም በቤት፣ አንድን ሰው ስለ ኢየሱስ ያናገረ እጁን ያንሣ አለ። ሁለት የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችና ቡና የምታፈላልን እናት እጃቸውን አነሡ። ከመጋቢዎቹ አንዳችንም አላነሣንም። ወጣቱ ተቀመጠ። ስብሰባውን ለመቀጠል ብዙ ደቂቃ ወሰደብን፤ በመጨረሻ ጸሎቱን እንድትመራ የለመንነው ያችን እናት ነው።