ሆድ ያባውን

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ብቅል የማያወጣውም አለ። ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት የሚያድግ እጢ የሚወጣው በቢላ ነው። የቀዶ ሕክምና ታሪክም በአንድ ወገን ሲያዩት «ምን ያህል ልቅደድ?» የሚል ጥያቄ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ፣ ኬንታኪ፣ ጄን ክሮፎርድ የተባለች ሴት ሆዷ ገፍቶ መንታ ያረገዘች መስሏት ነበር። ቀኗ አለፈ፤ ልጅ ግን የለም። ዶክተር ኤፍሬም ማክዶዌል መርምሮ እርግዝና ሳይሆን ከእንቁላል ማፍሪያዋ የበቀለ እጢ መሆኑን ነገራት። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጉዛ ቤቱ ድረስ ሄደች። ማደንዘዣ ገና አልታወቀም። ያለ ማደንዘዣ ሆዷን ቀዶ አሥር ኪሎ ያህል የሚመዝን እጢ አወጣላት። ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ ኖረች። ልብ በሉ፤ ከቢላው በፊት የደረሰላት ትክክለኛው ምርመራ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የገባው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ላይ ቁስለኞችን ሲያክም የአውሮፓን ቀዶ ሕክምና ለብዙዎች አሳየ። በዚያ ዘመን ሆድ መክፈት ማለት በሰፊው መክፈት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ስዊድናዊው ያኮቤውስ በትንሽ ቀዳዳ መመልከቻ አስገብቶ የሰው ሆድ ውስጥ አየ። በ1980 ደግሞ ጀርመናዊው ኩርት ዜም በዚሁ ዘዴ ትርፍ አንጀት ሲያወጣ የሙያ ባልደረቦቹ ተቃወሙት። ዛሬ ዘዴው የታወቀ ነው፤ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን እጢው የት እንዳለ ካሳዩ በኋላ ሆድ በጋዝ ይነፋል፤ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ የተቆረጠውም እንዳይፈስ በከረጢት ተጠቅልሎ ይወጣል። ሁሉም እጢ ግን ለዚህ አይመችም። ነቀርሳ ከተጠረጠረ ወይም እጢው ከገዘፈ በሰፊው መክፈት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

«ይህ ለዶርዜ ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወጥታችሁ ሰዉን ተመልከቱ። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ ይረግጣል፤ በእጁ ይወረውራል። ሚስቱ እንሰት ትፍቃለች፤ እንጨት ትሸከማለች። ሆዱ በሰፊው የተቀደደ ሰው ይህን ሁሉ ለሳምንታት ሊሠራ አይችልም። እሱ ካልወረወረ ደግሞ ቤቱ ጦሙን ያድራል። ደመወዝተኛማ የሕመም ፈቃዱን ይወስዳል። እንግዲህ ትንሿ ቀዳዳ የሀብታም ቅንጦት ትመስላለች እንጂ ይበልጥ የምታስፈልገው በጉልበቱ ለሚያድረው ነው።

መሣሪያው ብቻውን አያድንም። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ካሜራው ሲበላሽ የሚጠግን ሰው፣ ከሁሉ በፊት ግን ሆዱ የገፋባትን ሴት «እርጉዝ ነሽ» ብሎ ሳይሸኝ የሚመረምር እጅ ይፈልጋል። ማክዶዌል እኮ ካሜራ አልነበረውም።