የብርሃን አስተፃምሮና የሕዋሳዊ ትንፈሳ ልዩነት

ብርሃን አስተፃምሮ (ፎቶሲንተሲስ) እና ሕዋሳዊ ትንፈሳ ሕያዋን ነገሮች ጉልበት የሚያከማቹባቸውና የሚጠቀሙባቸው ሁለት ኬሚካዊ ሂደቶች ናቸው። በብርሃን አስተፃምሮ አረንጓዴ ዕፅዋት፣ ዋቅላሚዎችና አንዳንድ ባክቴሪያዎች በፀሐይ ብርሃን አማካኝነት ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ስኳር ይሠራሉ። በሕዋሳዊ ትንፈሳ ደግሞ ሕዋሳት ስኳሩን በመሰባበር ለሥራቸው የሚሆን ጉልበት ያገኛሉ።

ሁለቱ ሂደቶች በትምህርት ቤት ጎን ለጎን ስለሚቀርቡ «ብርሃን አስተፃምሮ የዕፅዋት፣ ትንፈሳ የእንስሳት ነው» ተብሎ ሲያዝ ይታያል። ይህ ስህተት ነው። በነቀምቴ ወይም በጊምቢ ዙሪያ የሚበቅል የቡና ተክል ሁለቱንም ያካሂዳል፦ ትንፈሳውን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ፣ ብርሃን አስተፃምሮውን ግን ብርሃን ባለበት ሰዓት ብቻ። ሥሩና የበሰለው ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ደግሞ በአብዛኛው የሚኖሩት ቅጠሉ በሚልክላቸው ስኳር ነው።

ቀመሮቹ

ብርሃን አስተፃምሮ፦ 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 6 ውሃ + ብርሃን → 1 ግሉኮስ + 6 ኦክስጅን

ሕዋሳዊ ትንፈሳ፦ 1 ግሉኮስ + 6 ኦክስጅን → 6 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 6 ውሃ + ጉልበት

የአንዱ ውጤት የሌላው ግብዓት ስለሆነ ቀመሮቹ ተገልብጠው የተጻፉ ይመስላሉ። ሆኖም ትንፈሳ ወደ ኋላ የሚሄድ ብርሃን አስተፃምሮ አይደለም። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድና ከጊምቢ የሚመለስ መኪና በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ፤ እነዚህ ሂደቶች ግን መነሻና መድረሻቸው ቢለዋወጥም መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው የኦክስጅን ጉዞ ነው። ቅጠል የሚለቀው ኦክስጅን የሚገኘው ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሳይሆን ከተሰነጠቀው ውሃ ነው። ይህን ሳሙኤል ሩበንና ማርቲን ካመን ከባድ የኦክስጅን አይሶቶፕ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይተዋል። በትንፈሳም በተመሳሳይ ወደ ውስጥ የምንስበው ኦክስጅን መጨረሻው ውሃ እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካርቦን የሚመጣው ከምግቡ ነው።

የሚካሄዱበት ቦታ

ብርሃን አስተፃምሮ በክሎሮፕላስት ውስጥ በሁለት ደረጃ ይካሄዳል። በታይላኮይድ ሽፋኖች ላይ ክሎሮፊል ብርሃን ሲቀበል ውሃ ይሰነጠቃል፣ ኦክስጅን ይወጣል፣ ኤቲፒ እና ኤንኤዲፒኤች የተባሉ ጉልበት ተሸካሚዎች ይሠራሉ። ቀጥሎ በስትሮማ ውስጥ የካልቪን ዑደት እነዚህን ተጠቅሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ይህን ሁለተኛ ደረጃ «የጨለማ ሂደት» ማለት የተለመደ ቢሆንም ስያሜው ያሳስታል፤ ብርሃን ሲጠፋ ተሸካሚዎቹ ስለሚያልቁ ዑደቱም ይቆማል።

ሕዋሳዊ ትንፈሳ በሳይቶፕላዝም ውስጥ በግላይኮሊሲስ ይጀምርና በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በክሬብስ ዑደትና በኤሌክትሮን ማስተላለፊያ ሰንሰለት ይጠናቀቃል። ከአንድ ሞለኪውል ግሉኮስ ከ30 እስከ 32 ኤቲፒ ይገኛል። በቆዩ መማሪያ መጻሕፍት 36 ወይም 38 የሚል ቁጥር የሚገኘው ስሌቱ በኋላ ስለተሻሻለ ነው። ከግሉኮሱ ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በኤቲፒ መልክ ሲያዝ ቀሪው ሙቀት ይሆናል።

ልዩነታቸው ሰፊ ቢሆንም ኤቲፒ የሚሠሩበት ዘዴ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ፕሮቶኖችን በሽፋን አንድ ወገን ያከማቹና ፕሮቶኖቹ ሲመለሱ በሚፈጠረው ግፊት ይጠቀማሉ። ፒተር ሚቸል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 አቅርቦ በ1978 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ቀንና ሌሊት

ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ጎህ ሲቀድ የቅጠሉ ትንፈሳ ከብርሃን አስተፃምሮው ይበልጣል። ብርሃኑ እየጨመረ ሲሄድ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ይመጣል፤ በዚያች ሰዓት ቅጠሉ በድምሩ ኦክስጅን አይሰጥም፣ አይወስድም። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ተክል የሚያድገው ቀን ያተረፈው ሌሊት ከሚያወጣው ሲበልጥ ነው።

የሌሊት ትንፈሳ በሙቀት መጠን ይወሰናል፤ በተለመደው የሙቀት ክልል ውስጥ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሞቃታማው የዲዴሳ ሸለቆ ያለ ተክል በቀዝቃዛው የሻምቡ ደጋ ካለው ይልቅ ሌሊት ብዙ ስኳር ያቃጥላል።

ዕፅዋት ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቁ መኝታ ክፍል ውስጥ ማሳደር አደገኛ ነው የሚባለው ግን የተጋነነ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ የአንድ ማሰሮ አበባ ትንፈሳ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ሊፈራ የሚገባው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያድር የከሰል ምድጃ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የደምን ሄሞግሎቢን ይዞ ኦክስጅን ወደ ሕዋሳት እንዳይደርስ ያደርጋል፤ ሕዋሳዊ ትንፈሳም ይቆማል።

በወለጋ ሰብሎች

ቡና በተፈጥሮው የደን ጥላ ተክል ነው። ቅጠሉ በመጠነኛ ብርሃን የሚችለውን ያህል ስለሚሠራ ከዚያ በላይ የሚመጣው ብርሃን ብዙም አይጨምርለትም፤ እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። በወለጋ ቡና በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር የሚለማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሸንኮራ አገዳ በተቃራኒው ጠንካራ ፀሐይ የሚወዱ ናቸው። እነዚህ «ባለ አራት ካርቦን» የሚባል መንገድ ስላላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሩቢስኮ በተባለው ኢንዛይም ዙሪያ ያከማቻሉ። ቡናና ባቄላ ይህ መንገድ የላቸውም። በሙቀት ጊዜ ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ስለሚይዝባቸው ከተሠራው ካርቦን የተወሰነው ይባክናል። ይህ ብክነት «ብርሃናዊ ትንፈሳ» ይባላል፤ ስሙ ቢመሳሰልም ኤቲፒ ስለማያስገኝ ከሕዋሳዊ ትንፈሳ ጋር መምታታት የለበትም።

አንጮቴ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ሥሩ አውርዶ በስታርች መልክ ያስቀምጣል። በወለጋ ተቀቅሎ የሚበላው ይኸው ክምችት ነው።

በጎተራ ውስጥ

የተሰበሰበ እህል ሕያው ነው። ብርሃን አስተፃምሮ የለውም፤ ትንፈሳው ግን ይቀጥላል። በደንብ በደረቀ በቆሎ ውስጥ ሂደቱ እጅግ ዝግተኛ ሲሆን እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ሲሆን እየፈጠነ ይሄዳል። ከቀመሩ ማስላት እንደሚቻለው 1 ኪሎ ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲተነፈስ 600 ግራም ውሃና 1.47 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ውሃው እህሉን ይበልጥ ያረጥበዋል፣ ሙቀቱ ትንፈሳውን ያፋጥነዋል፣ ሻጋታም ይከተላል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። እጅን ወደ እህሉ መሐል ሰዶ ሙቀት መፈተሽ ስለዚህ ትርጉም ያለው ዘዴ ነው።

አየር የማያስገቡ ከረጢቶች የሚሠሩትም በዚሁ ሕግ ነው። በውስጡ ያሉት ነቀዞችና እህሉ ራሱ ኦክስጅኑን ተንፍሰው ስለሚጨርሱት ነቀዞቹ ይሞታሉ። በጉድጓድ በሚከማች እህልም ኦክስጅኑ እያለቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታች ይጠራቀማል፤ ጉድጓዱን ከፍቶ ሳያናፍሱ መውረድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ኦክስጅን ሲጠፋ

ኦክስጅን በሌለበት አንዳንድ ሕዋሳት ግላይኮሊሲስን ብቻ ተጠቅመው ከአንድ ግሉኮስ 2 ኤቲፒ ያገኛሉ። በጠላና በጠጅ ውስጥ እርሾ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የእንጀራ ዓይንም ከቦካው ሊጥ የሚወጣው ይህ ጋዝ የሚሠራው ነው። በከባድ ሥራ ጊዜ የሰው ጡንቻ በአልኮል ፋንታ ላክቴት ይሠራል።

በሙከራ መለየት

እ.ኤ.አ. በ1779 ያን ኢንገንሃውስ ዕፅዋት ኦክስጅን የሚሰጡት በብርሃን ብቻ እንደሆነ፣ በጨለማ ግን እንደ እንስሳት አየሩን እንደሚያበላሹ አሳየ። ልዩነቱን ዛሬም በቀላሉ ማየት ይቻላል። ለሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ የቆየ ተክል አንድ ቅጠሉ በከፊል በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ቅጠሉ በውሃ ተቀቅሎ፣ ክሎሮፊሉ በአልኮል ከተወገደ በኋላ (አልኮሉ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይሞቃል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም) አዮዲን ሲነካው ያልተሸፈነው ክፍል ብቻ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ ስታርች የተሠራው እዚያ ነው። ለትንፈሳ ደግሞ የተነከረ ገብስ ብቅል እንዲሆን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲቀመጥ መሐሉን መንካት ይበቃል። ያለ ምንም እሳት ይሞቃል።