ሰዓት ሠሪና የባሮ ወንዝ

ጎልማሳ ተማሪዎች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሰዓትና ስለ ሰዓት ሠሪ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ሰዓት መጠገን አላውቅም። ሙያ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ግን እከታተላለሁ። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ወደ ጋምቤላ እንውረድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሙቀቷ ብርቱ ነው። ባሮ በአጠገቧ ያልፋል።

በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት እንግሊዞች ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተከራዩ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ እያደረጉ ይመጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደውን ቡና ይጭናሉ። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ መርከቡ መቼ ይመጣል? ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ነዋ! ውኃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራል። የነጋዴው ትልቁ ሰዓት ባሮ ራሱ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ወደብ ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ይገናኙ ነበር። እኛ ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን። እንግሊዝ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእርሱ ሰባት ሰዓት ነው። ሁለቱም ሰዓቶች በአንድ ዓይነት ሞላ ይሠራሉ፤ የሚለያየው አነባበቡ ነው።

ሞላው እንዴት ይሠራል? ሰዓቱን ስትሞሉት ይጠቀለላል። ሊፈታ ሲል ጥርሶቹን ይገፋል። ባላንስ የሚባለው ትንሽ መንኮራኩር ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ጥርሶቹን በልክ ይለቃቸዋል። ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። በብዙ የድሮ የእጅ ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል። እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል፤ አቧራ ዘይቱን ያወፍረዋል። ያኔ ጠጋኝ ያስፈልጋል።

ጥገናን ብዙ ሰው የሚማረው ከባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ለማጁ መጀመሪያ የመስታወት ሣጥኑን ይወለውላል፤ ማሰሪያ ይቀይራል። ቀጥሎ የሞተ ሰዓት ይሰጡታል። በወረንጦ እየያዘ ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ መልሶ ይገጥማል። አንዲት ብሎን ከተረፈችው እንደገና ይፈታል። የደንበኛ ሰዓት የሚነካው እጁ መንቀጥቀጥ ሲተው ነው። በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ሰዓት ሠሪዎችም ማኅበራቸውን በ1601 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁሙ ሙያው የሚተላለፈው እንዲሁ ከጌታ ወደ ለማጅ ነበር።

በአገራችን የእጅ ሙያ ተንቆ ኖሯል። ብረት ሠሪው ይሰደብ ነበር፤ ሸማኔውም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ስድብ ግን በአዋጅ በአንድ ቀን አይጠፋም። የተሰደበ አባት ሙያውን ለልጁ ማውረስ ያፍራል። ከዚያ ሙያው ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ጉዳቱ የማን ነው? የሁላችን ነው እኮ!

ዛሬ ብዙ ሰው ሰዓቱን ከስልኩ ያያል። ባለሞላውን ሰዓት የሚያውቁ አረጋውያን ያወቁትን ለማን ይተዉ? እዚህ ላይ የእናንተ ፊደል ይጠቅማል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖች ማንበብና መጻፍ ተምረዋል። ከባለሙያ አጠገብ የተቀመጠ ለማጅ ደብተር ይያዝ። የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ይጻፍ፤ ሥዕሉን ይሳል። ነገ ሲረሳ ደብተሩ ያስታውሰዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ለማጅ ያነበዋል።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። ሰዓት ሠሪ ብቻ አይደለም፤ ሸክላ የምትሠራ እናት፣ ጀልባ የሚጠርብ አባት በሰፈራችሁ ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ጥያቄ፤
1. የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው መቼ ነው?
2. ለማጁ የደንበኛ ሰዓት የሚነካው መቼ ነው?
3. በሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ ሙያ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

በደኅና ሰንብቱ።