በሐረር ከተማ የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በቀውስ ዘመናት (ከ1868 እስከ 1933 ዓ.ም.)

መግቢያ

የሐረር ከተማ ታሪክ በትምህርት ቤቶች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው በሁለት ወገን ሰዎች ዙሪያ ነው። በአንድ በኩል ከተማዋን የገዙት አሚሮች፣ ደጃዝማቾችና ራሶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከባሕር ማዶ መጥተው በግንቡ ውስጥ የተቀመጡ፣ የነገዱ፣ ያስተማሩና ያዩትን ጽፈው ያስቀሩ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ወገን ሲሆን፣ ዓላማውም እነዚህ ሰዎች መንግሥት በተለወጠበትና ጦር በተነሣበት ጊዜ እንዴት እንደ ኖሩ፣ በማን እንደ ተጠበቁና መቼ ለቀው እንደ ወጡ መመርመር ነው።

ጉዳዩ ለመምህራን የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ስለ እነዚያ ዘመናት የገበያ ዋጋ፣ የመንገድ ሁኔታና የዕለት ኑሮ በመማሪያ መጻሕፍት ከሚቀርበው ዝርዝር ብዙው የተገኘው ከውጭ አገር ሰዎች ደብዳቤና ማስታወሻ ነው። ታዲያ መውጣት የሚችል ሰው የጻፈው ምስክርነት፣ መውጣት የማይችለውን ሰው ኑሮ ምን ያህል ይገልጻል? ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ምንጩን ብቻ ለተማሪ ማቅረብ ትምህርቱን ጎደሎ ያደርገዋል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የተዘጋችው ከተማና የመጀመሪያዎቹ እንግዶች

እንደሚታወቀው ሐረርን የሚከብበው ግንብ፣ ማለት ጀጎል፣ በ16ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በሮቹ ለነጋዴ ክፍት ቢሆኑም ለአውሮፓ ሰው ግን ለብዙ ዘመን ዝግ ነበሩ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ተቀምጦ ወጣ። በዚያ አጭር ቆይታው ያየውን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ስለ ሐረሪ ቋንቋም በመጽሐፉ መጨረሻ ጽፏል። ሆኖም በርተን መንገደኛ እንጂ ነዋሪ አልነበረም።

የውጭ አገር ሰው በሐረር መኖር የጀመረው ከተማዋ ነጻነቷን ባጣች ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በ1868 ዓ.ም. በራዑፍ ፓሻ የሚመራ የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የግብፅ ወታደሮችና ሹማምንት፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎችም በግንቡ ውስጥ ሰፈሩ። በ1872 ዓ.ም. መጨረሻ አልፍሬድ ባርዴ የተባለ በኤደን የሚኖር ፈረንሳዊ ቡና ነጋዴ ቅርንጫፍ ንግድ ቤት ከፈተ፤ በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ተቀጣሪው አርተር ራምቦ ሐረር ገባ። ራምቦ በአገሩ ገና ወጣት ሳለ የጻፋቸው ግጥሞች በኋላ ስመ ጥር ያደረጉት ሲሆን፣ ሐረር ሲደርስ ግን ግጥሙን ትቶ የቡናና የቆዳ ሂሳብ የሚይዝ የንግድ ቤት ሠራተኛ ነበር።

በዚያው በ1873 ዓ.ም. በአቡነ ቶረን ካኛኝ የሚመሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሐረር ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ከሌላ ቀውስ የመጡ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አቡነ ማሳያንና ረዳቶቻቸውን ከሸዋ እንዲወጡ ካደረጉ በኋላ የተረፈላቸው መጠጊያ በግብፆች የተያዘችው ሐረር ነበረች። ስለዚህ ለከተማው ሰው የባዕድ አገዛዝ የሆነው ዘመን፣ ለእንግዳው የደኅንነት ዘመን ሆኖለት ነበር። ይህ ልዩነት የጽሑፎቻቸውን አስተያየት ለመረዳት ቁልፍ ነው።

2. የግብፆች መውጣትና የጨለንቆ ጦርነት

በሱዳን የተነሣው የመሐዲ እንቅስቃሴ የግብፅን መንግሥት ሲያናጋ፣ ግብፅን በቁጥጥሯ ሥር ያደረገችው እንግሊዝ ጦሩ ከሐረር እንዲወጣ ወሰነች። ወሬው ገና ሲሰማ ንግዱ ተዳከመ። የባርዴ ንግድ ቤት ተዘጋ፤ ራምቦም በ1876 ዓ.ም. ወደ ኤደን ወረደ። የግብፅ ጦር ከነቤተሰቡ ጠቅልሎ የወጣው በ1877 ዓ.ም. ነው። በዚህ ቅደም ተከተል መሠረት፣ ጠንቀቅ ያለው ነጋዴ ከጦሩ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። የከተማው ገበሬ፣ ሸማኔና ቸርቻሪ ግን ማሳውንና ቤቱን ይዞ የሚመጣውን ይጠባበቅ ነበር።

ከግብፆች በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ከቀድሞዎቹ አሚሮች ወገን የሆኑት አሚር ዐብዱላሂ ነበሩ። የአሚሩ አቋም አስቸጋሪ ነበር። ከምሥራቅ በባሕሩ ጠረፍ የአውሮፓ መንግሥታት እየሰፈሩ፣ ከምዕራብ የሸዋ ጦር እየተጠጋ፣ በመካከል ደግሞ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የሌላ ኃይል መንገድ ጠራጊ መስሎ ይታይ ነበር። በ1878 ዓ.ም. በካውንት ፖሮ የሚመራ የጣሊያን ጓድ ወደ ሐረር ሲመጣ በጄልዴሳ አካባቢ ተገደለ። ድርጊቱ በአውሮፓ የተነገረው እንደ ጭካኔ ብቻ ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ በባዕድ ጦር ሥር የቆየች ከተማ መጤን ሁሉ በጥርጣሬ ዐይን ለምን እንደ ተመለከተች ግን ብዙም አልተጠየቀም።

በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር የአሚሩን ጦር ጨለንቆ ላይ ድል ነሣ፤ ሐረርም ተያዘች። አገረ ገዥ ሆነው የተሾሙት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የራምቦ ሥራ ምን እንደ ነበረ መመልከት ያስፈልጋል። ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ይጓዝ ነበር። አንኮበር ሲደርስ ሐረር ተይዛ አለቀች። ንጉሡ የመሣሪያውን ዋጋ አስቀንሰው፣ ክፍያውን ደግሞ ሐረር ካሉት ከመኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦም ከእንጦጦ በአዲሱ መንገድ ሐረር ደርሶ፣ ስለ ጉዞውና ስለ ከተማዋ መያዝ ካይሮ በሚታተም የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ስለዚህ ነጋዴው ቀውሱን ከዳር ቆሞ የሚያይ ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ ገበያው በቀውሱ ላይ የተመሠረተ፣ ሂሳቡም በአሸናፊው ግምጃ ቤት የሚከፈል ሰው ነበር። የጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከየት ቆሞ እንደ ጻፈ መታወቅ አለበት።

3. ወጪዎችና ቀሪዎች

ራምቦ በ1880 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሐረር ተመልሶ በራሱ ስም መነገድ ጀመረ። ዘመኑ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው የከብት እልቂትና የረኃብ ዘመን ነበር። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ላይ በወጣ እብጠት መራመድ ተሳነው፤ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ሆኖ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው እስከ ዘይላ አደረሱት። በኅዳር 1884 ዓ.ም. መባቻ ማርሴይ ላይ ሞተ። ከእነዚያ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች የአንዱም ሕይወት ተጽፎ አልቀረልንም።

የራምቦ አገልጋይ የነበረው የሐረሩ ሰው ጃሚ ወዳይ በመጠኑ ከዚህ ይለያል። ራምቦ ሲሞት ለእርሱ ገንዘብ ተናዞለት ነበር፤ ገንዘቡ በአቡነ ቶረን በኩል ሐረር ሲደርስ ግን ጃሚ በሕይወት ስላልነበረ ለወራሾቹ ተሰጠ። ስለ ጃሚ የሚታወቀው ይህና ይህን የመሰለ ጥቂት ነገር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የተገኘው ከጌታው ወገን ወረቀት ነው። እንዲሁም ዛሬ በከተማዋ ውስጥ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ ቤት ራምቦ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ እንጂ ራምቦ የኖረበት አይደለም። የዝነኛው እንግዳ ስም የሌላውን እንግዳ ሥራ እስከ መሸፈን መድረሱን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

በሌላ በኩል፣ መንግሥት ሲለወጥ አብረው ተለውጠው የቀሩ አሉ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በወጣትነቱ ሐረር ገብቶ፣ በኋላ ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያ ገዥ ሆኖ አገልግሏል፤ በአዲስ አበባ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን የመንገድ መዳመጫ ያስመጣውም እርሱ ነው። ሚሲዮናውያኑም ቀርተው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ አቋቋሙ፤ ማተሚያ አስመጥተው ከ1905 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፈረንሳይኛ መጽሔት ያወጡ ነበር። አባ እንድርያስ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት አንድሬ ዣሮሶ ከ1900 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሲዮኑ ኃላፊ ሆኑ። ራስ መኰንንም የልጃቸውን የተፈሪን የፈረንሳይኛ ትምህርት ለእርሳቸው ተማሪ ለኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤልና ከጓዴሉፕ ለመጡት ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን አደራ ሰጡ። ቀሪውን ከወጪው የለየው እንግዲህ በከተማዋ ውስጥ የሚፈለግበት ሙያና የሚያውቀው ሰው መኖሩ ነው።

4. ከባቡሩ እስከ ጣሊያን ወረራ

በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር ንግድ ወደ ቆላው ተሳበ። በግመል የሳምንታት መንገድ የነበረው አጠረ፤ ብዙ የውጭ አገር ነጋዴዎችም ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ለእንግዳው መውጫው ቀረበ ማለት ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በታወጀ ጊዜ ልጅ ኢያሱ የነበሩት በሐረር በኩል ነበር። በከተማዋ ውስጥ በተነሣው ደም መፋሰስ ብዙ የሶማሌ ተወላጆች ተገደሉ። ሟቾቹ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ሁኔታው ለየመንግሥታቸው የጻፉት ግን የውጭ አገር ቆንሲሎች ናቸው። የተጻፈውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እያንዳንዱ መንግሥት ኢትዮጵያ ወደ የትኛው ወገን ታዘነብላለች እያለ በሚሰጋበት ጊዜ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ግን እስከዚያ ድረስ የነበረው ሁኔታ ተገለበጠ። ሐረር ጦር የማይሰፍርባት ክፍት ከተማ መሆኗ ተነግሮ ሳለ፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበች። ቦምቡ ከከተማው ሕዝብ ቤት ጋር የካቶሊክና የስዊድን ሚሲዮኖችን፣ የግብፅ ቀይ ጨረቃንም መታ። ባንዲራና የቀይ ጨረቃ ምልክት ለእንግዳው ጋሻ መሆናቸው በዚያ ቀን ቀረ፤ እንግዳውና ባለአገሩ አንድ ዐይነት አደጋ ተቀበሉ። በኦጋዴን ግንባር ደግሞ ከአገሩ ተሰዶ የነበረው የቱርክ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ከደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጋር ሆኖ ምሽግ ያሠራ ነበር።

ሚያዝያ 30 ቀን የጣሊያን ጦር ሐረር ገባ። ከዚያ በኋላ ስንብቱ በእንግዳው ፈቃድ መሆኑ ቀረ። በአገሪቱ ትልቅ የነበረው የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ በወራሪው ትእዛዝ ተዘጋ። የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን በጣሊያኖች ተተኩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖሩት አባ እንድርያስም ሐረርን ለቀው በአገራቸው በፈረንሳይ በ1933 ዓ.ም. አረፉ፤ ከተማዋ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው።

5. ለትምህርት የሚሰጠው ቁም ነገር

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ እንደምንረዳው፣ የውጭ አገር ሰው በቀውስ ጊዜ ሦስት ነገሮች ነበሩት፤ የሚወጣበት በር፣ የሚያመለክትለት መንግሥትና የሚጽፍበት ብዕር። የሐረር ነዋሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልነበሩትም። ሦስተኛው ግን አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። ሐረር የዐረብኛ ጽሕፈት የዳበረባት፣ የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገብ የሚያዝባት፣ መጻሕፍት የሚገለበጡባትና የሚጠረዙባት ከተማ ነበረች፤ ከእነዚህም መጻሕፍት ብዙዎቹ ተሰብስበው በከተማዋ በሸሪፍ ሙዚየም ይገኛሉ። የጎደለው ጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉ ወደ ክፍል ውስጥ መግባቱ ነው።

ስለዚህ መምህሩ የአንድን የውጭ አገር ሰው ደብዳቤ በክፍል ሲያቀርብ ተማሪዎቹ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልሱ ቢያደርግ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጸሐፊው በከተማዋ ውስጥ በምን ይተዳደር ነበር? ሁለተኛ፣ ደኅንነቱ በማን እጅ ነበር? ሦስተኛ፣ ነገሩ ሲከፋ የት ነበር፤ ወጥቷል ወይስ ቀርቷል? ለምሳሌ ስለ 1879 ዓ.ም. ሲጠና የራምቦ ጽሑፍ በእነዚህ ጥያቄዎች ከተፈተነ በኋላ፣ ስለ ጨለንቆ በሐረሪና በኦሮሞ ቤተሰቦች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረው ቃል ከጎኑ ሊቀመጥ ይችላል። ተማሪዎቹ ሁለቱ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ለይተው ሲጽፉ፣ የታሪክ ምንጭ የሚመረመር እንጂ እንዲሁ የሚወሰድ አለመሆኑን በሥራ ይማራሉ።

የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆችም በበኩላቸው የአካባቢ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲመድቡ፣ ለጉብኝት ከሚመረጡት ቦታዎች መካከል በእንግዳ ስም ከሚጠሩት ቤቶች ጎን የመጽሐፍ ጠራዦችን፣ የሸማኔዎችንና የነጋዴዎችን ሰፈሮች ቢጨምሩ መልካም ነው። የሐረር ልጅ ከተማውን በእንግዳ ዐይን ብቻ እያየ ካደገ፣ በሮቹ ሲዘጉ በውስጥ የቀሩት የራሱ አያቶች መሆናቸውን ሳያውቅ ይቀራል።