የአልበማችን ባዶ ኪሶች

አልበማችን አሥራ አንድ ኪስ አለው፤ የሞሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «ያ የድሮ ወረቀት ብር መሰብሰብ የት ደረሰ?» እያላችሁ በካፌ ሰልፍ ላይ ለምትጠይቁን ሁሉ መልሱ ይሄው ነው። ዘጠኙ ለምን ባዶ እንደሆኑ ግን በአንድ ቃል አይመለስም። ኪሳችን ሳንቲም የለውም፣ ይሄ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ ወረቀቶቹ የታተሙት በዚያ ቀን ነውና።)

የምንሰበስበው ኩባንያ ያወጣውን ገንዘብ ነው። ኩባንያ ገንዘብ አተመ ሲባል ዛሬ ላለነው ያስቃል፤ ያኔ ግን ሕጋዊ ነበር። በመጋቢት 1905 አጼ ምኒልክ ማክጊሊቭሬይ ከሚባል የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ጋር ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት የሐበሻ ባንክ የሚባል የአክሲዮን ኩባንያ ተቋቋመ፤ ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ፣ የሚተዳደርበት ሕግ የግብፅ፣ የተሰጠው መብት ለ50 ዓመት ነበር። የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብትም ለእሱ ብቻ ተሰጠው። (ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀውና በ1996 የተቋቋመው ባንክ ሌላ ነው፤ አታደባልቁ።) ባንኩ በየካቲት 1906 ተከፈተ። ወረቀቱ ግን የወጣው ምኒልክ ካረፉ በኋላ፣ በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1915 ነው። ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ሆኖ ለንደን ውስጥ በብራድበሪ ዊልኪንሰን ማተሚያ ቤት ታተመ። ባለ 50ው በ1929 ተጨመረ። በአማርኛ «ብር»፣ በፈረንጅኛ «ታለር» ይላል። እንግዲህ አምስቱ ኪሶች የእነዚህ ናቸው፤ አምስቱም ባዶ!

ከዚህ ላይ ጋምቤላ ትመጣለች። ባንኩ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደሴ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ቢሮ ነበረው። ሰው ይጠይቃል፤ ከአዲስ አበባ የሳምንታት መንገድ ርቃ፣ በሙቀትና በወባ መካከል ያለች ወደብ ባንክ ምን ያደርግላታል? መልሱ ቡና ነው። በግንቦት 1902 በተፈረመው የድንበር ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ ወንዙን ተከትሎም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ አገኙ። ውሉ ኢታንግ አጠገብ ቢልም የተመረጠችው ጋምቤላ ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል፤ በጋ ሲሆን ወንዙ አሸዋ ያወጣና ነገሩ ሁሉ ያበቃል። በእነዚያ ጥቂት ወራት የጎሬና የሳዮ ቡና፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱ በበቅሎና በሰው ትከሻ ተራራውን ይወርዳል፤ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጣ ሸቀጥ ይወጣል።

ጣቢያዋን የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት ነበር፤ ሱዳን ደግሞ እስከ 1957 ድረስ የምትገበያየው በግብፅ ገንዘብ ነው። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ካርቱምም ቅርንጫፍ ነበረው። ስለዚህ መርከቡ ከሚነሳበትም ከሚደርስበትም የተቀመጠው ባንክ እናቱ አንድ ናት ማለት ነው። ቡናውን የለቀመው ገበሬ ይህን የት ያውቃል?

ገበሬው የሚያውቀው ጠገራውን ነው። ማርትሬዛ የ1780 ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት፣ የሴትዮዋ ምስል ታትሞበት፣ ከቪየናና ከሌሎች ከተሞች ይመጣል። ተቀባዩ ዘውዷ ላይ ያለውን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ በጣቱ ቆጥሮ፣ ካልተሟላ ወይም ከተፋቀ ይመልሰዋል። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ሺው 28 ኪሎ ነው። ሁለት ሺህ ብር የያዘ ነጋዴ 56 ኪሎ ብረት በበቅሎ ጭኖ በቡሬ ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል። በወረቀቱ ግን አራት ባለ 500 በኪሱ ይዞ መሄድ ይችል ነበር። ታዲያ ለምን አልፈለገውም? ሰነፍ የሚመስላቸው አንዳንድ የፈረንጅ ጸሐፊዎች «ኋላ ቀርነት» ይሉታል። እኛ አንስማማም። ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ብር የሚቀበልበት መስኮት በጣት የሚቆጠር ከተማ ውስጥ ብቻ ነበር። ያም ቢሆን ወረቀቱ ቀስ በቀስ፣ በተለይ ከ1925 ወዲህ ገበያ ገባ፤ በ1930 ከ1.5 ሚሊዮን ብር ትንሽ በለጠ። በአብዛኛው የያዙት ነጋዴዎችና የውጭ ሰዎች ነበሩ።

በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሐበሻ ባንክን ገዝተው አፈረሱትና አብዛኛው አክሲዮን የመንግሥት የሆነ የኢትዮጵያ ባንክን በቦታው አቆሙ። የቀሩት ስድስት ኪሶቻችን የዚህኛው ናቸው። የ1932ቱ ባለ 5፣ 10፣ 50፣ 100 እና 500፣ በሰኔ 1933 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ምስል ያለበት ባለ 2። ያገኘነው ባለ 2ንና ባለ 5ን ነው። ባለ 10ሩ ላይ ነብር፣ ባለ 50ው ላይ አንበሳ፣ ባለ 100ው ላይ ዝሆን አለ። ጥርሱ በባሮ ይሄድ የነበረው ዝሆን ወረቀት ላይ ሆኖ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ1934 መጨረሻ የወጣው ወረቀት ወደ 3.3 ሚሊዮን ብር ደርሶ ነበር። ሰው ማመን ጀምሯል እንበል።

ጊዜው ግን አልሰጠውም። በግንቦት 1936 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ጥቂት ወራት መንግሥት ይዘው ቆዩ። ጣልያን በሐምሌ ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገ፤ የኢትዮጵያ ባንክን ወረቀት ብሩን በ3 ሊሬ ሒሳብ ሰበሰበ፤ ባንኩንም ዘጋ። ጠገራውን በእንስራ የቀበረ ሰው ብሩ ብር ሆኖ ቆየው። ወረቀቱን ያመነ ግን ተጎዳ።

እዚህ ላይ ነው የመሰብሰቡ ነገር የከበደን። አስቡት፤ ወደ ባንክ ተመልሶ የተከፈለበት ወረቀት ይሰረዛል፣ ይጠፋል። የባለ 100ና የባለ 500 ሆነው ያየናቸውም በስተላይ «ናሙና» የተባለባቸው፣ በማንም እጅ ያልዞሩ ናቸው። የዞረና ዛሬ ድረስ የቆየ ወረቀት ግን ምንድን ነው? ያልተከፈለ ዕዳ ነው። አልበማችን በሞላ ቁጥር ያልተከፈላቸው ሰዎች ቁጥር ይጨምራል።

ከአኙዋ ጋር እናስተያየው። አኙዋ ለጥሎሽ የሚሰጡት ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ ዶቃ ነበራቸው። ቁጥሩ ውስን ነው፤ አዲስ አይሠራም፤ ወንድም እህቱ ስትዳር በተቀበለው ለራሱ ያገባበታል፣ እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። ማንም ኩባንያ አላወጣውም፣ ስለዚህ ኩባንያ ሲፈርስ አልፈረሰም። የተነካው ከ1974 አብዮት በኋላ «ጎጂ ልማድ» ተብሎ በአዋጅ ነው።

ባለፈው እረፍት ጋምቤላ ሄደን ነበር። ባሮ ድልድይ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ወረቀት እንዳላቸው ሰምተን ቤታቸው ገባን። አባታቸው ከጎሬ ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። እማማ ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አራት የታጠፈ ነገር አወጡ። የ1932ቱ ባለ 10 ነው፤ እጥፋቱ የነብሩን ፊት ለሁለት ከፍሎታል። ልባችን ዘለለ፣ መቼም አንዋሽም። «አባቴ የአንድ ጭነት ቡና ሒሳብ ማሟያ ብሎ ተቀበለው» አሉን። ቀጥለውም «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና፤ ባንክ ቤት ብወስደው ይቀበሉኛል?» ብለው ጠየቁን።

ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ ሰብሳቢዎች ምን ያህል እንደሚከፍሉ መናገር ጀመረ። «እሱን አይደለም የጠየቅኋችሁ» አሉት። ዝም አልን። ባንኩ ከፈረሰ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው ማለት እንዴት ይከብዳል! በመጨረሻ ነገርናቸው። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ቡና አፍልተውልን፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ እንድናነሳ ፈቀዱልን፤ እንዲሸጡልን አልጠየቅንም።

ፎቶው አሁን በባለ 10ሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከኪሱ ትንሽ ስለሚያንስ ይንሸራተታል። ቤተሰቦቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላቸው ካላችሁ፣ ወረቀቱ እዚያው ይቆይ፤ ለእኛ ወሬውን አምጡልን፤ ከማን፣ በየትኛው ገበያ፣ ለምን ዕቃ እንደተቀበሉት።