አውጫጭኝ ያልተጠራለት አስናቀ

ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ የደብረ ታቦርን ሰው በጊዜ ቤቱ ያስገባዋል። በ2005 ዓ.ም. ግን በሳምንት አንድ ምሽት ይህ ልማድ ይፈርስ ነበር። ጋቢውን የደረበ ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቡና ቤት ይጎርፋል። ወንበር ያጣ የቢራ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል፤ መብራት እንዳይጠፋም ይጸለያል። የሚጠበቀው «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ ነው። አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ከድራማው ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ያናደዳቸው የገጸ ባሕርዩ የአስናቀ ጭካኔ አልነበረም፤ ጨካኝ ሰው በዕድሜያቸው አይተዋል። ይህን ያህል ደም ሲፈስ አገር ሰብስቦ የሚያውጫጭ ሹም መጥፋቱ ነው ያንገበገባቸው። ቤቱ ሳቀ። እኔም ከሳቁት ነበርሁ።

ስለ ወንጀል ድራማዎቻችን በተነሣ ቁጥር ግን የማስታውሰው የእሳቸውን ንዴት ነው።

«ሰው ለሰው» ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ዳይሬክተሩ ሰሎሞን ዓለሙ ነበር። ጣቢያው በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ድራማ አሳይቷል፤ በወንጀል ታሪክ ይህን ያህል ጊዜ የሕዝብን ቀልብ ይዞ የዘለቀ ግን ጥቂት ነው። ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ላይ። ከዚያ በፊት ስክሪን ላይ የለመድነው ወንጀለኛ የሚያፈጥና የሚጮህ፣ ገና ከበር ሲገባ የሚታወቅ ነበር። አስናቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ይለብሳል፤ ይጋብዛል። ወንጀል ከጨለማ መንገድ ወጥቶ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ለከተማ ኗሪ ይህ አዲስ እውነት አልነበረም፤ በቴሌቪዥን ሲነገር ግን አዲስ ነበር። አስናቀ የሚለው ስም ለባለገንዘብ ጨካኝ መጠሪያ ሆኖ በገበያ ቀን ሳይቀር ሰምቼዋለሁ።

ድካሙም ከዚያው ከጉልበቱ ተወለደ። ተመልካቹ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቃል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በተከታታይነት የጀመረው የአሜሪካው «ኮሎምቦ» ገዳዩን በመክፈቻው አሳይቶ ነው የሚነሣው፤ ተመልካቹን የሚይዘው ያ ዝርክርክ ካፖርት የለበሰ መርማሪ ጥያቄ በጥያቄ እየደራረበ ገዳዩን ሲያጣብበው ማየት ነው። በእኔ ዓይን «ሰው ለሰው» የጎደለው ይኸው ማጣበብ ነው። ፖሊሱ አለ፤ መኪናው አለ፤ ጥያቄው ግን የለም። አንድ ምስጢር በአንድ ክፍል በስልክ ይወራል፤ በሚቀጥለው ክፍል ያንኑ ሌላ ሰው በስልክ ይሰማዋል። ከዚያ ማስታወቂያ። ታሪኩ የሚራመደው ማስረጃ ስለተገኘ ሳይሆን አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ስለሰማ ነው።

የሚቆጨኝ፣ ምርመራን ድራማ ማድረግ ለዚህ አገር ባዕድ ነገር አለመሆኑ ነው። ፋርጣን፣ እስቴን፣ ጋይንትንና ስማዳን የመሰሉ የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ሸዋ አፈርሳታ የሚለውን አውጫጭኝ ይሉታል። በድሮው ጊዜ ከብት ተነድቶ ወይም ሰው ሞቶ አድራጊው ሲጠፋ ሹሙ የአካባቢውን ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባል። የቀረ ይቀጣል። የመጣም እስኪለይ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ገብሱ ረገፈ፣ ላሟ ሳትታለብ ቀረች አይባልም። ሁሉም በተራው ይምላል፤ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል። በግልጽ ለመመስከር የሚፈራ ደግሞ ነገሩን እንደ «ወፍ» በምስጢር ያቀብላል። ዛሬም ምንጩን መደበቅ የፈለገ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። አድራጊው ካልተገኘስ? አገሩ አዋጥቶ ለተበደለው ይከፍላል።

እስቲ ይህን እንደ ድራማ ደራሲ አስቡት። ወንጀለኛው ከመሃላችሁ ተቀምጧል። ቆሎውን ከእናንተ ጋር ይቆረጥማል፤ ከእናንተ በላይ ይምላል። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ሰብሉ እየጠፋ ነው፤ ዝምታችሁም ከኪሳችሁ ያስከፍላችኋል። ወንድማችሁ እንደሆነ ብታውቁ ትናገራላችሁ? አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመችው ልብ ወለድ ተጠርጣሪዎቿን በረዶ ባቆመው ባቡር ውስጥ ቆልፋ ዓለምን አስደነቀች። የእኛ ሹም ባቡርም በረዶም አላስፈለገውም፤ አንድ ዋርካና አንድ ሜዳ በቂው ነበር።

የድሮውን ለማሞገስ አልተነሣሁም። አውጫጭኝ ቂመኛ ጠላቱን የሚጥልበት፣ ድሃ ለባለጠጋ ዕዳ የሚከፍልበት ጊዜም ነበረው። ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ደንዝዞ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መከልከሉ ተገቢ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ። የወንጀሉ ወሬ ደግሞ እንደ «ፖሊስና እርምጃው» ባሉ ጋዜጦች ወደ አንባቢ ደረሰ። ሕጉ ተለውጧል፤ የሜዳው ጭንቀት ግን ለደራሲ ሳይነካ የተቀመጠ ሀብት ነው።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ችሎቱ ይመጣል። አሜሪካኖች «ሎው ኤንድ ኦርደር» የሚሉት ድራማ እ.ኤ.አ. በ1990 ጀምሮ ሃያ ዓመት የዘለቀው በቀላል ብልሃት ነው፤ ግማሹን ፖሊስ ይመረምራል፣ ግማሹን ዐቃቤ ሕግ ይሟገታል። የየጁ መሳፍንት ከራስ ጉግሣ ጀምሮ መቀመጫቸው ያደረጓት ደብረ ታቦር፣ በኋላም የቤጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ የገዙባት ደብረ ታቦር፣ ሁለተኛውን ግማሽ ለትውልድ ስታይ ኖራለች። በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ ሙግት ላይ ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ ይነሣል፤ በትሩን ይሰብቃል፤ ነገሩን በግጥም ያስራል። ማር ይወራረዳል፤ በቅሎ ይወራረዳል። ተመልካቹ ተከሳሹን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ይዳኛል። የቃል ስህተት ርስት ያስነጥቅ ነበር። በቴሌቪዥናችን ግን ፍርድ ቤት ሲመጣ ዳኛው ወረቀት ያነባል፤ ጠበቃው «ክቡር ፍርድ ቤት» ይልና ቁጭ ይላል። በላ ልበልሃን የሚያህል ንግግር የነበረው ሕዝብ እንዲህ ዓይነት ችሎት ሲቀርብለት ዓይኑን ወደ ስልኩ ቢያዞር አይፈረድበትም።

ልብ የሚያንጠለጥል መቁረጫም ቢሆን ከውጭ የሚገዛ አይደለም። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከትግራይ መጥተው ደብረ ታቦር ላይ ዳግማዊ ራስ ዓሊን ገጠሙ። አሸነፉም። ራስ ዓሊ ሸሹ። እዚህ ላይ ክፍሉ ያለቀ ይመስላል። ውቤ ግን በድንኳናቸው ድሉን እየጠጡ ሳለ የተሸናፊው ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ከነልጃቸው ያዟቸው። ይህን የፈጠረ ደራሲ ቢኖር «አይታመንም» ተብሎ ይመለስለት ነበር። የሚገርመው ግልበጣው ከሰማይ የወረደ አለመሆኑ ነው፤ ከአሸናፊው ጠባይ ነው የወጣው። የእኛ ድራማዎች ግልበጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞቷል የተባለ ሰው በመመለሱ ነው።

የድራማ ጸሐፊ ወዳጆች አሉኝ፤ ይህን ሳነሣ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። ስፖንሰሩ ክፍሉ እንዲረዝም ይፈልጋል፤ ጽሑፉ በሳምንት ይደርሳል፤ የፖሊስ ሥራን የሚያማክር ባለሙያ የሚቀጠርበት ገንዘብ የለም። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም አውጫጭኝን ለመጻፍ አንድ ሜዳ፣ አርባ ሰውና አንድ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው፤ ከመኪና ግጭት ይረክሳል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቁራኛን በቴሌቪዥን ባየሁት እላለሁ። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። ከጋይንት ተነሥተው ደብረ ታቦር ለመድረስ ጉናን መዞር አለ፤ ከአንድ ቀን በላይ የሚያስኬድ ዳገትና ቁልቁለት። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቆማል። ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። ማታ በሰው ቤት ጥግ፣ አንዱ የወንድሙን ገዳይ ይዣለሁ ብሎ፣ ሌላው እጄ ንጹሕ ነው ብሎ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ከእነርሱ በቀር የነቃ የለም። ውጭ የጉና ነፋስ ያፏጫል፤ ከሁለቱ አንዱ በጨለማው ውስጥ ሊናገር አፉን ይከፍታል።