ብርድ የማያውቀው ወይን፦ ከዘቢብ እስከ ዝዋይ

ግራና ቆላው ላይ ቆመው «እዚህ ወይን አይበቅልም እንዴ?» ብለው ያውቃሉ? ሙቀቱ እንኳ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ያስታውሳል። ችግሩ ዝናቡ ነው። እነሱ ጋ ተክሉ በብርዱ ወራት ያንቀላፋል፤ ዘለላው የሚበስለው በደረቁ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እኛ ጋ በእነዚሁ ወራት ዶፍ ይወርዳል፤ እርጥበት ደግሞ ለፍሬው ሻጋታ ያመጣበታል።

አባቶቻችን ታዲያ ምን አደረጉ? በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የቅዳሴው ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ እንደሚጨመቅ ጽፏል። ዘቢብ አይበላሽም፣ ሩቅ መንገድም ይችላል። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የምትጠቀመው ይህንኑ ነው።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) ግን የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ ካለማው እርሻ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። ቀዩ ከመርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞን ዝርያዎች ነው። በሞቃት አገር ዝርያ ማደባለቅ የቆየ ብልሃት ነው፤ አንዱ ቀለም ሲሰጥ ሌላው ጥንካሬ ይጨምራል፣ አንዱ ቢከፋ ሌላው ይደግፋል።

ብርዱንስ ምን ተካው? መቀስና መስኖ! ውሃ ሲቀነስበት ተክሉ ያርፋል፣ ሲገረዝ ይነቃል። የመግረዣው ቀን በደንብ ከተመረጠ ዘለላው በበጋ ይበስላል።

ግራናም ሙቀቱ አለ፣ የመስኖ ውሃም አለ። ከእንግዲህ ጥያቄው «ይበቅላል ወይ?» ሳይሆን «መቼ እንግረዘው?» ነው።